ባቡሩ ወደ ላይኛው ፎቅ በምን ይውጣ? ባለ ሁለት ፎቅ የሞዴል ባቡር መስመር ለሚሠሩ የንጽጽር መመሪያ

የክፍሉ ወለል አልበቃ ሲል ዓይን ወደ ግድግዳው ያቀናል። በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቅ ሀዲድ ከተዘረጋ የመስመሩ ርዝመት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ባቡሩም ከጣቢያ ጣቢያ ለመድረስ እውነተኛ ጉዞ የሚመስል ጊዜ ይፈጃል። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ያለው ባቡሩ ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይኛው በምን ይወጣል የሚለው ላይ ነው። ጠመዝማዛ መወጣጫ አለ፣ ግድግዳውን ዞሮ ቀስ እያሉ መውጣት አለ፣ ሊፍት አለ፣ ሁለቱን ፎቆች ጨርሶ ሳያገናኙ መተውም አለ። እያንዳንዱ ከክፍሉ፣ ከኪስና ከትዕግሥት የሚጠይቀው ለየቅል ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ጣቢያዎቹን፣ ድልድዩንና ተራራውን ነድፎ ከጨረሰ በኋላ በተረፈችው ጥግ መወጣጫውን ያስገባል። እኔም የመጀመሪያውን ባለ ሁለት ፎቅ መስመር ስሠራ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የተረፈችኝ ጥግ 1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር ነበረች፤ እዚያ የሚገባው ጠመዝማዛ ሬዲየሱ 55 ሴንቲሜትር ነው። ወረቀት ላይ ዳገቱን ሳሰላ 2.9 በመቶ ወጣልኝ፤ ደስ ብሎኝ ወደ መጋዙ ሄድኩ። በሜዳ 12 ፉርጎ ያለ ችግር የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ጎማው ባለበት መሽከርከር ጀመረ። ከውስጥ ሲርርር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ባቡሩ አይታይም፤ እጄም በሁለቱ ዙሮች መካከል ባለው ክፍተት እስከ አንጓዬ ገብቶ ቆመ። ፉርጎ እየቀነስኩ ሞከርኩና በ7 ወጣ። ለ12 ፉርጎ የነደፍኳቸው ጣቢያዎች ሁሉ ትርጉም አጡ። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ንድፍ የምጀምረው ከመወጣጫው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ለኤችኦ ስኬል ናቸው። ይህም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰና በሁለቱ ሀዲዶች መካከል 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነው። ኤን ስኬል ደግሞ 160 ጊዜ ያነሰ ሲሆን የሀዲዱ ስፋት 9 ሚሊሜትር ነው።

ከመምረጥ በፊት የሚለኩ ነገሮች

መጀመሪያ የረጅሙ ባቡር ርዝመት ይለካ። አንድ መለስተኛ የጭነት ፉርጎ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 26 ሜትር የሚረዝመው ዘመናዊ የመንገደኛ ተጎታች ደግሞ ወደ 30 ሴንቲሜትር ይመጣል። 10 ፉርጎና አንድ ሎኮሞቲቭ ቢደመሩ 1.7 ሜትር ይሆናሉ። ይህ ቁጥር የጣቢያውን ርዝመት፣ የሊፍቱን መደርደሪያና የሎኮሞቲቩን ጉልበት ሁሉ ስለሚወስን በግምት መተው የለበትም።

ቀጥሎ ዳገቱ ይሰላ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዳገት ማለት የወጣው ከፍታ ለተጓዘው ርዝመት ሲካፈል ነው። በ1 ሜትር ሀዲድ 2 ሴንቲሜትር ከወጣ 2 በመቶ ይባላል። ሎኮሞቲቩ የሚሰማው ዳገት ግን ይህ ብቻ አይደለም። በኩርባ ላይ የፉርጎዎቹ ጎማዎች ከሀዲዱ ጎን ጋር ስለሚፋተጉ ኩርባው ራሱ ተጨማሪ ዳገት ሆኖ ይቆጠራል። ለኤችኦ የሚሠራበት ግምት 81ን በሬዲየሱ (በሴንቲሜትር) ማካፈል ነው። ሬዲየሱ 60 ከሆነ 1.35 በመቶ ይጨመራል፤ ለኤን በ81 ምትክ 44 ይወሰዳል። እኔ ያኔ 2.9 ብዬ የጻፍኩት ዳገት በዚህ ስሌት 4.4 በመቶ ገደማ ነበር። ባቡሩ የነገረኝ እውነቱን ነው፤ ያሳሳተኝ የራሴ ወረቀት ነው።

ይህን ጠመዝማዛውን ሳይሠሩ መሞከር ይቻላል። 2 ሜትር ርዝመት ባለው ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ሀዲድ አንጥፎ አንዱን ጫፍ 8 ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ 4 በመቶ ዳገት ይሰጣል፤ ይህም በ60 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ጠመዝማዛ ላይ ሎኮሞቲቩ ከሚሰማው ጋር እኩል ነው። ረጅሙን ባቡር አስነስተው ይመልከቱ። ከቆመበት ተነስቶ ካልወጣ ጠመዝማዛው ውስጥም አይወጣም።

ሦስተኛው መወጣጫው የሚበላው ወለል ነው። አራተኛው ባቡሩ ከዓይን ተሰውሮ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ይህን ሰው ችላ ይለዋል፤ መስመሩ ካለቀ በኋላ ግን በየቀኑ የሚያበሳጨው እሱ ነው። አምስተኛው ፉርጎ ሲወድቅ እጅ መድረሱ ነው። የሥራው ክብደትና ወጪው የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ርካሹ መወጣጫ ባቡሩን ካላወጣ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

አንደኛ፦ ጠመዝማዛ መወጣጫ (ሄሊክስ)

ሀዲዱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ክብ እየዞረ በራሱ ላይ ይወጣል። ሁለት ፎቅ ሲባል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። እውነተኛ ባቡርም ይህን ያደርጋል፤ በስዊዘርላንድ የበርኒና መስመር ላይ ያለው የብሩዚዮ ክብ ድልድይ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው፣ ባቡሩን አዙሮ በራሱ ድልድይ ሥር ያሳልፈዋል። የዚያ ኩርባ ሬዲየስ 70 ሜትር ነው፤ በ87 ሲካፈል 80 ሴንቲሜትር ይሆናል። ማለትም በዓለም ላይ ጠባብ ከሚባሉት የባቡር ክቦች አንዱ እንኳ በሞዴል ሲሠራ ብዙዎቻችን በቤታችን ከምንሠራው ጠመዝማዛ ይሰፋል።

በየዙሩ ስንት መውጣት አለበት? ከሀዲዱ ራስ በላይ ለባቡሩ ማለፊያ 7.5 ሴንቲሜትር ያህል ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የፕላይውዱ ውፍረት 1.2 ሴንቲሜትርና የሀዲዱ ከነምንጣፉ 1 ሴንቲሜትር ሲጨመር ወደ 10 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ጠመዝማዛው ውስጥ ድምፅ የሚያፍነውን ምንጣፍ መተው ግማሽ ሴንቲሜትር ያተርፋል፤ የተሰወረ ቦታ ስለሆነ እኔ እተወዋለሁ። በላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚወስዱ ባቡሮች ላሉት ግን 10 ሴንቲሜትር አይበቃም።

በየዙሩ 10 ሴንቲሜትር ሲወጣ ውጤቱ ይህ ነው፦

| ሬዲየስ (ሴ.ሜ) | የአንድ ዙር ርዝመት (ሴ.ሜ) | ዳገት በወረቀት | ሎኮሞቲቩ የሚሰማው |
|---|---|---|---|
| 50 | 314 | 3.2% | 4.8% |
| 60 | 377 | 2.7% | 4.0% |
| 75 | 471 | 2.1% | 3.2% |
| 90 | 565 | 1.8% | 2.7% |

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለውን ለአጫጭር ባቡሮች ካልሆነ አልመክረውም። 75 ሴንቲሜትር ለቤት የሚሆን ጥሩ መካከለኛ ነው። ግን የሚበላውን ወለል እንይ፦ ከጠርዙ ጋር 1.6 ሜትር በ1.6 ሜትር፣ ማለትም ከ2.5 ካሬ ሜትር በላይ ይወስዳል። ክፍሉ 3 በ4 ከሆነ ከአምስት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው፤ ያም ለዕይታ ምንም የማይሰጥ ቦታ ነው።

ጊዜውስ? በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለው ርቀት 40 ሴንቲሜትር ቢሆን ያንን ለመውጣት አራት ዙር ያስፈልጋል፤ በ75 ሬዲየስ 18.8 ሜትር ሀዲድ ማለት ነው። በእውነተኛው ዓለም በሰዓት 40 ኪሎሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር በሞዴሉ ላይ በሰከንድ 13 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል አይታይም። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አላየውም፤ ባቡሩ ከአንዱ ከተማ ወጥቶ ሌላው ከተማ እስኪደርስ የሚያልፈውን ረጅም መንገድ ይተካል። ባቡር ሲሄድ ማየት ለሚወድ ሰው፣ በተለይ ለልጆች፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ግን ረጅም ነው። የጠመዝማዛውን አንድ ጎን ክፍት ትቶ መልክዓ ምድር መሥራት ይህን በእጅጉ ያቀለዋል።

የአሠራሩ ዋና ጉዳይ ከፍታውን እኩል ማካፈል ነው። እኔ የምወደው ሙሉ ርዝመቱ ጥርስ ያለው 8 ሚሊሜትር የብረት ዘንግ በዙሪያው ስምንት ቦታ አቁሞ ፕላይውዱን ከላይና ከታች በሮንዴላና በዳዶ መያዝ ነው። በመደበኛው የ8 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ዳዶው አንድ ዙር ሲዞር 1.25 ሚሊሜትር ይወጣል። በየዙሩ 10 ሴንቲሜትር የሚወጣ ጠመዝማዛ ስምንት ዘንግ ካለው ደግሞ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው የሚወጣው 12.5 ሚሊሜትር ነው፤ ልክ አሥር የዳዶ ዙር። ከእንጨት ብሎክ ይልቅ ይህን የምመርጠው ከዓመት በኋላ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ በመፍቻ ብቻ ማስተካከል ስለሚቻል ነው።

የሀዲዶቹን መጋጠሚያ ኩርባው ላይ በሳልዳቶ መበየድ ግድ ነው፤ ያልተበየደ መጋጠሚያ ኩርባ ላይ ክርን ያበጃል፤ ፉርጎም የሚወድቀው እዚያ ነው። ለሀዲዱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ሽቦ ደግሞ ቢያንስ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይግባ። የውጭው ጠርዝ ላይ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መከላከያ ይደረግ፤ ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሎኮሞቲቭ አይጠገንም። መሐሉም ሰው ጎንበስ ብሎ ገብቶ የሚቆምበት ባዶ ቦታ ይሁን።

ሁለት ሀዲድ ጎን ለጎን የሚሠራ ሰው የሚወጣውን ባቡር በውጭው፣ የሚወርደውን በውስጠኛው ያድርግ፤ የውጭው ሬዲየስ ስለሚበልጥ ዳገቱ ይለዝባል።

ፉርጎዎቹም ክብደት ይፈልጋሉ። ረጅም ባቡር በኩርባ ላይ ሲጎተት እንደተወጠረ ገመድ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከፊት ያለው ቀላል ፉርጎ ወደ ኩርባው ውስጥ ይገለበጣል። የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር የሚመክረው ለኤችኦ 28 ግራም መነሻ ሆኖ በየሴንቲሜትሩ 5.6 ግራም እንዲጨመር ነው። 20 ሴንቲሜትር የሆነ ፉርጎ 140 ግራም ይመዝን ማለት ነው። ባዶ ፉርጎዎችን ከኋላ፣ ከባዶቹን ከፊት ማሰለፍም ይረዳል።

ሁለተኛ፦ ግድግዳውን ዞሮ መውጣት

ጠመዝማዛው በክፍሉ ልክ ሰፋ ብሎ ተዘረጋ ብለው ያስቡት። ሀዲዱ ክፍሉን እየዞረ ቀስ ብሎ ይወጣና ዙሩን ሲጨርስ ራሱን ላይኛው ፎቅ ላይ ያገኘዋል። የተሰወረ ነገር የለም፤ የሚባክን ወለል የለም፤ ኩርባዎቹም አራት ማዕዘን ላይ ብቻ ናቸው። ባቡር ተራራ ሲወጣ ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም፤ እኔም ክፍሉ ከፈቀደ ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንን ነው።

ክፍሉ ይፈቅዳል ወይ? 40 ሴንቲሜትር በ2 በመቶ ለመውጣት 20 ሜትር ያስፈልጋል። 5 በ6 በሆነ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው 30 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ የሚዞር ሀዲድ 19.6 ሜትር ነው። አንድ ዙር ሊበቃ ደረሰ ማለት ነው፤ ለጣቢያ የሚሆን 3 ሜትር ሜዳ ተትቶ ቀሪው 2.4 በመቶ ቢሆን ይወጣል። 3 በ4 በሆነ ክፍል ግን ዙሩ 11.6 ሜትር ብቻ ነው፤ ያለ አንድም ጣቢያ 23 ሴንቲሜትር ይወጣል። ሁለት ዙር ቢደረግ ደግሞ በሦስተኛ ፎቅነት የምትቆጠር የመወጣጫ መስመር በመሐል ትገባና የታችኛውን ፎቅ ዕይታ ትጋርዳለች። ስለዚህ ለትንሽ ክፍልና ለኤችኦ ይህ መንገድ አይሆንም። በኤን ስኬል የፎቆቹ ርቀት 30 ሴንቲሜትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው 3 በ4 ክፍል በ2.5 በመቶ ያህል ይሞከራል፤ ጣቢያዎቹን ግን ከመወጣጫው ጎን ማውጣት የግድ ነው።

ችግሩ ጣቢያ ነው። ፉርጎ ዳገት ላይ ተፈትቶ ከቆመ ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ፉርጎ የሚቀመጥበትና የሚቀያየርበት ሀዲድ ሁሉ ሜዳ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ ሜዳ ደግሞ ከሚወጣው ርዝመት ይቀንሳል። ሜዳው ወደ ዳገት የሚለወጥበት ቦታም ቀስ ተብሎ፣ በ50 ወይም 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ ድንገት ከተሰበረ የፉርጎ መያዣዎች ይላቀቃሉ። አንድ ወጥ ፕላይውድ ከተጠቀሙ ራሱ በቀስታ ስለሚታጠፍ ይህ ችግር ይቀላል።

በሩን የሚያቋርጥበትም ቦታ አለ፤ የሚነሳ ወይም እንደ መዝጊያ የሚከፈት ድልድይ ይሠራል። ድልድዩ ላይም ዳገት ካለ በክፍት ጊዜ ሁለቱም ወገን ያለው ሀዲድ ኤሌክትሪኩ እንዲቋረጥ ይደረግ።

ሦስተኛ፦ ሊፍት

ባቡሩ መደርደሪያ ላይ ገብቶ ይቆማል፣ መደርደሪያው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ባቡሩም ወደ ላይኛው ፎቅ ይነዳል። ዳገት የለም፣ ኩርባ የለም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ወለሉ 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ብቻ ይነካል። መደርደሪያው ላይ አምስት ስድስት ሀዲድ ጎን ለጎን ከተነጠፈ ደግሞ የባቡር ማቆያም ይሆናል። ጎታች ጉልበት ለሌላቸው ለአሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴሎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

በምላሹ የሚፈልገው ትክክለኛነት ነው። የመደርደሪያው ሀዲድና የፎቁ ሀዲድ ከፍታቸውም ጎናቸውም ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ሊለያይ አይገባም፤ በየቀኑ፣ በእርጥበትም በድርቀትም። ስለዚህ በሞተሩ ማቆሚያ ላይ ብቻ አይታመን፤ በየፎቁ መደርደሪያውን ቦታው ላይ የሚቆልፍ ሾጣጣ ብረት ይደረግ። መደርደሪያው በሁለቱም ጫፍ እኩል እንዲወጣ ሁለቱ ወገኖች በሰንሰለት ወይም በዘንግ ይያያዙ፤ በክብደት ሚዛን መደገፉም ሞተሩን ያቀልለታል። ከሁሉ በላይ ግን መደርደሪያው ካልተቆለፈ በሁለቱም ፎቅ ላይ ወደ ሊፍቱ የሚያስገባው ሀዲድ የመጨረሻ 1 ሜትር ኤሌክትሪክ እንዳያገኝ መደረግ አለበት። ይህ ሳይሠራ አንድም ባቡር አይነዳ።

ዝግጁ ሆኖ የሚሸጥ ሊፍት አለ፤ ከአራቱ አማራጮች ውዱ እሱ ነው። በራስ እጅ ሲሠራ ወጪው ይወርዳል፤ ግን የብረት ሥራና የኤሌክትሪክ ቁጥጥር ዕውቀት ይጠይቃል። ሌላው ገደቡ የባቡሩ ርዝመት ነው፤ መደርደሪያው 2 ሜትር ከሆነ 2.1 ሜትር የሆነ ባቡር ለዘላለሙ አይወጣም።

አራተኛ፦ ሳያገናኙ መተው

ይህን ሰዎች እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ እኔ ግን ለብዙ ትናንሽ ክፍሎች ትክክለኛው መልስ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ታችኛው ፎቅ አንድ መስመር፣ ላይኛው ሌላ መስመር ይሆናል። ታች የወደብ መስመር፣ ላይ የተራራ መስመር ሊሆን ይችላል፤ የተለያየ ዘመንም፣ የተለያየ ስኬልም ቢሆን ችግር የለውም።

ባቡር ማሻገር ሲያስፈልግ በእጅ የሚያዝ ሳጥን አለ። ጣውላ ላይ ሁለት የአሉሚኒየም አንጎላሬ በሀዲዱ ስፋት ልክ ይለጠፋል፤ አንጎላሬዎቹ ራሳቸው ሀዲድም ሽቦም ናቸው። ባቡሩ ይገባል፣ ሁለቱ ጫፍ ይዘጋል፣ ሰው አንስቶ ላይ ያስቀምጠዋል። ርዝመቱ ከ1.2 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አንድ ሰው ሲያነሳው መሐሉ ይጎብጣል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሠራ ነገር ነው፤ ወጪውም ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለት ሌሎች መንገዶች፣ በአጭሩ

ዚግዛግ አለ፤ ባቡሩ ወጥቶ ይቆማል፣ መቀያየሪያው ይዞራል፣ ወደ ኋላ እየሄደ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1881 የተከፈተው የሕንድ የዳርጂሊንግ መስመር በዚህ ይታወቃል። ለተራራ መስመርና ለአጫጭር ባቡሮች ያምራል፤ ግን እያንዳንዱ ጫፍ ሙሉውን ባቡር መያዝ አለበት፤ ወደ ኋላ የሚገፋ ባቡርም በትንሽ ጥፋት ይወድቃል።

ሌላው የእንጉዳይ ቅርጽ የሚባለው ነው፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካዊው የሀዲድ ነዳፊ ጆን አርምስትሮንግ ጋር ይነሳል። ሁለቱ ፎቆች ተቃራኒ አቅጣጫ ያያሉ፤ የላይኛውን የሚያይ ሰው ከፍ ባለ ወለል ላይ ይቆማል። ዕይታው ወደር የለውም፤ ከፍ ያለ ጣሪያና የወለል ሥራ ግን ይጠይቃል። መወጣጫውን አይተካም፤ ከላይ ካሉት አንዱ ያስፈልገዋል።

የትኛውም ቢመረጥ፦ የፎቆቹ ከፍታ

ታችኛው ፎቅ ከወለሉ ከ90 እስከ 105 ሴንቲሜትር፣ ላይኛው ከ140 እስከ 150 ሲሆን ሁለቱም ይታያሉ። ላይኛው ጠበብ ይበል፤ ታች 55 ከሆነ ላይ 35 ሴንቲሜትር። እኩል ከሆኑ የላይኛው የታችኛውን ይጋርዳል። የላይኛው ፎቅ ውፍረትም ከ5 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ በግድግዳ ላይ በታሰረ የብረት አንጎላሬ መደገፍ ከወፍራም እንጨት የሚሻለው ለዚህ ነው። ከሥሩ የኤልኢዲ መብራት ይለጠፋል፤ ያለሱ ታችኛው ፎቅ ዋሻ ነው።

ምንም ከመቁረጥ በፊት ካርቶን በሁለቱ ከፍታ ግድግዳው ላይ ለጥፎ አንድ ሳምንት መተው ጥሩ ነው። በቤቱ ውስጥ አጭሩም ረጅሙም ሰው ይየው። የላይኛው ካርቶን ጀርባ ላይ ወንበር ሳይወጡ ሎኮሞቲቭ ማንሳት መቻላቸውንም በእጅ ይሞክሩ።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ጠመዝማዛ | ግድግዳ ዞሮ | ሊፍት | ሳይገናኝ |
|---|---|---|---|---|
| የሚበላው ወለል | ብዙ፣ በአንድ ቦታ | የለም ማለት ይቻላል | ትንሽ | የለም |
| የባቡር ርዝመት | በዳገቱ ይወሰናል | ረጅም ይቻላል | በመደርደሪያው ይወሰናል | በሳጥኑ ይወሰናል |
| ሎኮሞቲቩ ላይ ያለው ጫና | ከባድ | መካከለኛ | የለም | የለም |
| የሚሰወርበት ጊዜ | ረጅም | የለም | አጭር | የለም |
| እጅ መድረስ | አስቸጋሪ | ቀላል | ቀላል | ቀላል |
| የሥራው ክብደት | ከባድ | መካከለኛ፣ ረጅም | በጣም ከባድ | ቀላል |
| ወጪ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ ይሻላል?

ክፍሉ 5 በ6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግድግዳውን ዞሮ መውጣት ይቅደም። ረጅም የጭነት ባቡር የሚወድ፣ ባቡሩ ሲታገል ማየት የሚያስደስተው ሰው ሌላውን ማሰብ የለበትም።

ክፍሉ መካከለኛ ሆኖ ባቡር በሰዓት እያሰማሩ፣ ከጓደኞች ጋር እየተቀባበሉ መጫወት ለሚፈልግ ጠመዝማዛው ይሻላል፤ ሬዲየሱ ግን ከ75 አይውረድ። ቦታው ጠቦ 75 ካልገባ ክቡን ለሁለት ሰንጥቆ በመሐል ቀጥ ያለ ሀዲድ ማስገባት ይሞከር። በ60 ሬዲየስ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ሜትር ቢጨመር የወረቀቱ ዳገት ከ2.7 ወደ 1.7 ይወርዳል፤ ኩርባው ላይ ሎኮሞቲቩ የሚሰማውም 3.1 ገደማ ይሆናል።

በጀቱ ጠባብ ለሆነና ለጀማሪ፦ ሳይገናኙ ይተው፣ ሳጥን ይሥሩ። የላይኛው ፎቅ ድጋፍ አስቀድሞ በጥንቃቄ ከተሠራ ወደፊት ሊፍትም ሆነ ጠመዝማዛ ማከል ይቻላል። ለዚያ እንዲሆን በሁለቱም ፎቅ ላይ በአንድ ትይዩ ቦታ አንድ አንድ ቀጥ ያለ ሀዲድ እስከ ጠርዙ ድረስ ዘርግቶ መተው ነው።

የብረትና የኤሌክትሪክ ሥራ ለሚያውቅ፣ ባቡሮቹም አጫጭር ለሆኑ ሊፍቱ ያዋጣል። ከልጆች ጋር ለሚጫወት ግን አልመክረውም፤ የሚንቀሳቀስ መደርደሪያና የልጅ ጣት አብረው አይሄዱም።

ክፍሉ ትንሽ ሆኖ ሁለተኛ ፎቅ የተፈለገው ባቡር ለማቆያ ብቻ ከሆነ ሙሉ ፎቅ አያስፈልግም። ከዋናው መስመር ሥር 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ የተሰወረ ማቆያ መሥራት ይበቃል፤ በ2 በመቶ 10 ሜትር፣ ወይም ሁለት የጠመዝማዛ ዙር ያደርሳል። ከ20 ሴንቲሜትር ያነሰ ክፍተት ግን አይተው፤ ከኋላው ሀዲድ ላይ የወደቀን ፉርጎ የሚያነሳ እጅ ከነክርኑ መግባት አለበት።

ቤት ሊቀይር የሚችል ሰው ደግሞ ሁሉንም ነገር በር በሚያልፍ ቁራጭ ይሥራው። ጠመዝማዛ ከሆነ ዘንጎቹን ከወለሉ ጋር በቋሚነት ሳያያይዝ፣ ፕላይውዱን በግማሽ ክብ እየቆረጠ፣ መጋጠሚያዎቹንም አንዱ በአንዱ ላይ በአንድ መስመር እንዲያርፉ አድርጎ ያስቀምጥ። ያኔ ሀዲዱን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ቦታ ብቻ መቁረጥና ዳዶዎቹን መፍታት ይበቃል።